የየትኛው አገር እንግሊዝኛ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ፊት ቀርቤ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው ልዩ ልዩ አገሮች ያለውን የመንደርና የዕለት ተዕለት አነጋገር የሚመለከት ነው። ርእሱ እንደምታዩት ሰፊ ነው፤ በተፈቀደልኝ ጊዜ ውስጥ ዳር ዳሩን እንኳ ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ከሰፊው ማሳ አንዲቱን ፈር ብቻ ይዤ ብሄድ ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመናትን ስጠቅስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ተርጓሚ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ሰው ይጠይቃል፤ በጣም ከቸገረውም «አልገባኝም» ብሎ ያቆማል። የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ሲገጥመው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው። ይህንን ስናገር የሌላውን ባልደረባ ስሕተት ከማንሣት የራሴን ባነሣ ይሻላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ ነው። ለንግድ ጉዳይ አዲስ አበባ የመጣ አንድ የናይጄሪያ ሰው ቃሉን እንዲሰጥ ተጠርቶ ኖሮ እኔ እንዳስተረጉምለት ታዘዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰውየው ከመኪና ወርዶ በሩን ሲዘጋ በአጠገቡ ታልፍ የነበረች ሴት ዝናብ ባረጠበው መንገድ ላይ አንሸራተታትና ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ከሩቅ ያየ አንድ መንገደኛ «ሳይገፋት አልቀረም» ብሎ ተናገረ። መርማሪውም «ስትወድቅ ምን አደረግህ?» ብሎ ጠየቀው። «አነሣኋት፤ ‹ሶሪ፣ ሶሪ› አልኳት» ሲል መለሰ። እኔም ጥቂት እንኳ ሳላመነታ «አንሥቼ ይቅርታ፣ ይቅርታ አልኳት» ብዬ አስተረጎምኩ። መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠና «ካልገፋት ስለ ምን ይቅርታ ጠየቃት?» አለ። ይህንኑ ለሰውየው ነገርኩት። እርሱም አእምሮዬን የተጠራጠረ ይመስል ትክ ብሎ አየኝና «ወደቀች እኮ!» አለ። ይህም መልስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ነገሩን የባሰውን አጠለሸው። ሰውየው ያን ሌሊት እዚያው አደረ።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሥራዬ ስሄድ ከፊቴ ይሮጥ የነበረ ትንሽ ልጅ ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ተደፋ። በመንገዱ ዳር ቆሎ ይሸጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሡ «እኔን! እኔን!» አሉ። እዚያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። አሮጊቷ ልጁን አልገፉትም፤ ይቅርታም አልጠየቁትም። የልጁ ሕመም ተሰምቷቸው «በአንተ ፈንታ እኔን ያርገኝ» ማለታቸው ነው። በናይጄሪያና በጋና ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲያስነጥሰው፣ ዕቃ ሲወድቅበት «ሶሪ» የሚባለው ልክ በዚህ መንፈስ ነው። ያ ሰው የተናገረውን የሚተካ ቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ሆኖ ሳለ፣ እኔ ግን ከለንደን መዝገበ ቃላት ይቅርታ የሚለውን አምጥቼ ጫንኩበት።

ወደ መርማሪው ተመልሼ ትናንት ተሳስቼ እንደ ነበር ባስረዳው «ታዲያ ዛሬስ ያልተሳሳትክ ለመሆንህ ማን ይመሰክርልሃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ከቀትር በኋላ የተለቀቀው ሴትዮዋ ራሷ «ማንም አልነካኝም» ብላ ቃሏን ስለሰጠች ነው እንጂ የእኔ ማስተባበያ የረዳው አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ ሰው የተናገረው እንግሊዝኛ የተሳሳተ ነበርን? ከመካከላችን «አዎን፣ የተሰበረ እንግሊዝኛ ነው» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2020 ጥር ወር 29 የናይጄሪያ እንግሊዝኛ ቃላትንና አገላለጾችን በመዝገባቸው አስገብተዋል። ከነዚህም አንዱ «ኔክስት ቱሞሮ» የሚለው ነው። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «ከነገ ወዲያ» ማለት ነው። የለንደን ሰው ለዚህች ቀን አንድ አጭር ቃል የለውም፤ «ከነገ በኋላ ያለው ቀን» እያለ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። የናይጄሪያው ሰው የጎደለውን ሞላ እንጂ የነበረውን አልሰበረም።

ነገሩ ለእኛ ትውልድ ጨርሶ አዲስ ሊሆን አይገባውም ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከ1962 ጀምሮ ይመጡ ከነበሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ ያስተምረን ነበር። ህንዳዊው መምህራችን ስለ ትምህርት ዘመናቸው ሲያወጉን ከዩኒቨርሲቲ «ፓስድ አውት» ያደረግሁት በዚህ ዓመት ነው ይሉን ነበር፤ መመረቃቸውን መናገራቸው ነው። ይህንኑ ቃል በድርሰታችን ላይ ጽፈን ለአሜሪካዊው ብናስረክብ ከት ብሎ ሳቀ፤ በእርሱ አገር ራስን ስቶ መውደቅ ማለት ነውና። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጓደኛችን ላጲስ አስፈልጎት እጁን አውጥቶ «ራበር» አለኝ ብሎ አሜሪካዊውን ጠየቀው። ራበር በእንግሊዝም በህንድም ላጲስ ነው። በአሜሪካ መንደር ቋንቋ ግን በዚህ ጨዋ ጉባኤ ፊት ስሙን ልጠራው የማልደፍረው ነገር ነው። መምህሩ ፊቱ ቀላ፤ እኛም ምን እንዳጠፋን ሳናውቅ ቀረን። ሁለቱን መምህራን አስቀምጦ «ልዩነቱ ምንድር ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

እንግሊዝኛ ለራሱ ለባለቤቱ አስተርጓሚ ያስፈለገው መቼ እንደ ነበር ታውቃላችሁን? የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ወደ አውስትራሊያ ማጋዝ የጀመረው በ1788 ነው። ከመጀመሪያዎቹ መርከቦች ጋር አብሮ የሄደው መኮንን ዋትኪን ቴንች በ1793 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አዲሲቱ አገር ፍርድ ቤት ሲጽፍ፣ የምስክሩን ቃልና የተከሳሹን መከላከያ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ ያስፈልግ እንደ ነበር ይናገራል። ዳኛውም እንግሊዛዊ፣ ተከሳሹም እንግሊዛዊ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን ተከሳሹ የሚናገረው «ፍላሽ» የተባለውን የለንደን ሌቦች ቋንቋ ስለነበረ ዳኛው አይሰማውም። ኋላም ጄምስ ሃርዲ ቮክስ የተባለ እስረኛ በ1812 የዚህን ቋንቋ ቃላት ሰብስቦ ለእስረኞቹ አዛዥ አበረከተለት፤ ሥራውም በ1819 ታተመ። በአውስትራሊያ ምድር የተዘጋጀ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ይኸው የሌባ መዝገበ ቃላት ነው ይባላል። ከቃላቱም አንዳንዶቹ ወንጀላቸውን ጥለው ጨዋ ሆነዋል። «ስዋግ» በሌቦቹ ዘንድ ጥቅልል፣ የተዘረፈም ዕቃ ማለት ነበር፤ በአውስትራሊያ ግን ሥራ ፍለጋ ከእርሻ ወደ እርሻ በእግሩ የሚዞር ምስኪን በትከሻው የሚሸከመው የመኝታ ጥቅልል ስም ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪዎቻችን በባዕድ ጆሮ ፊት የሚነጋገሩበት የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ወልፍ ሌስላው በ1964 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፤ የአራዳ ልጆች ቃላትም ትናንት ወላጅ ያስቆጡ የነበሩት ዛሬ ወላጁ ራሱ ሲናገራቸው ይሰማል።

የመንደር ቃል ቢያንስ ጆሮ ላይ ሲወድቅ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። የባሰ አደገኛ የሆነው የቢሮ ልብስ የለበሰው ቃል ነው። ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት መጽሐፍ በ1950 በታተመው ሦስተኛ ቅጽ ላይ እንደሚተርኩት፣ የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት አንድ አስቸኳይ ሰነድ አዘጋጅተው «ቴብል» ሊያደርጉት እንደሚሹ ለአሜሪካውያኑ አስታወቁ። በእንግሊዝ ልማድ ይህ ማለት ሰነዱን ለውይይት ማቅረብ ነው። በአሜሪካ ግን ውይይቱን ማቆየት፣ ነገሩን ወደ ጎን መተው ማለት ነው። አሜሪካውያኑ «አይሆንም፣ ጉዳዩ እጅግ ከባድ ነው» ብለው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ረዥምና መራራ ክርክር ተደረገ። እነዚህ ሰዎች አስተርጓሚ አያስፈልገንም ብለው የተቀመጡ ናቸው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ1951 ሚያዝያ ወር በኮሪያ፣ በኢምጂን ወንዝ አጠገብ፣ የእንግሊዝ ብሪጌድ በእጅግ ብዙ የቻይና ጦር ተጥለቀለቀ። የብሪጌዱ አዛዥ ብሮዲ ሁኔታውን ለአሜሪካዊው የበላይ አዛዥ ሲያስታውቁ ነገሩ ጥቂት «ስቲኪ» ነው የሚል ቃል ተናገሩ። ቃሉ እንደ ሙጫ ተጣብቆ የሚይዝ ማለት ነው። እንደ እንግሊዝ መኮንን አነጋገር ይህ የመጨረሻው የጭንቅ ድምፅ ነበር፤ ለአሜሪካዊው ጆሮ ግን ቸገር ያለ፣ ሆኖም የሚቻል ነገር መሰለው። የግሎስተር ሻለቃም ተከቦ ቀረ፤ ከ500 የሚበልጡ ወታደሮቹ ተማረኩ። የውጊያውን ውጤት በአንድ ቃል ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ሌላም ብዙ ምክንያት ይቆጥራሉ። ሆኖም ጭንቀቱን አሳንሶ መናገር ጨዋነት በሆነበት አገር ያደገ ሰው፣ ጭንቀቱን እንዳለ በሚናገር ሰው ፊት ሲቆም ቃሉ ምን ያህል እንደሚቀልበት ከዚህ ይታያል። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው ከዚህ ውጊያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በግንቦት መሆኑንና በአሜሪካ ክፍለ ጦር ሥር መመደቡን ሳስብ፣ በዚያ ግንባር ስንት ዓይነት እንግሊዝኛ በሬድዮ ይተላለፍ እንደ ነበር መገመት ይከብደኛል።

አሁን ወደ አህጉራችን ልመለስ፤ ለእኛ የተሻለው ትምህርት ያለው እዚሁ ቅርብ ነውና። የናይጄሪያ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ በሩ እየሄደ «አይ አም ካሚንግ» ይላችኋል። የለንደን እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ግራ ይገባዋል፤ እየሄደ «እየመጣሁ ነው» ይላልና። አማርኛ ተናጋሪ ግን ምን ግራ ያጋባዋል? እኛስ ወደ ውጭ ስንወጣ «መጣሁ!» ብለን አይደለም እንዴ የምንሄደው? በኬንያና በኡጋንዳ ብዙ ቀን ያልታየ ሰው ሲገኝ «ዩ አር ሎስት» ይባላል። ይህን «መንገድ ጠፍቶብሃል» ብሎ የሚተረጉም ሰው አለ፤ ትርጉሙ ግን «ምነው ጠፋህ!» ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው አልፎ ሲሄድ የኡጋንዳው ሰው «ዌል ደን» ይላል። ሥራው ገና አልተጠናቀቀም፤ ደግ መሠራቱንም አልመረመረም። «በርቱ!» ማለቱ ነው። እነዚህን አገላለጾች ያገራቸው ሰዎች ከስዋሂሊ፣ ከሉጋንዳ፣ ከዮሩባና ከሌሎችም ቋንቋዎቻቸው መንፈስ ወደ እንግሊዝኛ ያሻገሯቸው ናቸው። የእኛም አማርኛ ለብዙዎቹ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እኛ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በተማርነው የለንደን በር ልንገባ ስንሞክር በሩ ይዘጋብናል።

ይሁን እንጂ አማርኛችን ሁልጊዜ ያድነናል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። የናይጄሪያው ወጣት «ሃው ፋር?» ሲል ርቀት አይጠይቅም፤ «እንዴት ነህ?» ማለቱ ነው። የአየርላንድ ሴት ጎረቤቷ «ጌቭ አውት» እንዳደረገቻት ብትነግራችሁ የተሰጠም ሆነ የወጣ ነገር የለም፤ ተቆጣቻት ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ «ሮቦት» ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍ የተባለ እንግዳ ማሽን ሲፈልግ እንዳይውል፤ የትራፊክ መብራት ነው። በዚያው አገር «ጀስት ናው» እመጣለሁ የሚል ሰው አሁን አይመጣም፤ ኋላ ላይ ነው የሚመጣው፣ ያም ከመጣ ነው። ቶሎ የሚመጣው «ናው ናው» ያለው ነው።

አውስትራሊያ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ወገኖቻችን በብዛት የሰፈሩበት አገር ነውና። እዚያ ለግብዣ የተጠራ ሰው «ብሪንግ ኤ ፕሌት» ይባላል። ቃል በቃል «ሳሕን ይዘህ ና» ማለት ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስደተኞች ባዶ ሳሕን ይዘው እየሄዱ እንዳፈሩ በዚያ አገር ዘወትር የሚነገር ወግ ነው። ፍቺው ምግብ ሠርተህ በሳሕን አምጣ ነው። በእኛ ዘንድ ጠሪው ተጠሪውን «ምግብህን ይዘህ ና» ማለቱ ነውር ስለሆነ የእኛ ሰው ፍቺውን ቢነግሩት እንኳ አያምንም፤ ምናልባት የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይቀለው ይሆናል። ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ሐኪም ቤት ውስጥ ያለው ነው። የአውስትራሊያ ሽማግሌ «አይ አም ክሩክ» ካለ አሞኛል ማለቱ ነው። ክሩክ ግን በአሜሪካም በእንግሊዝም አጭበርባሪ፣ ሌባ ማለት ነው። በአንድ ቃል በሽተኛው ሌባ፣ ሌባው በሽተኛ የሚሆንበት ሁኔታ ነው እንግዲህ።

ከሁሉም ለየት የሚለው በሻሸመኔ የምንሰማው ነው። ከጃማይካ የመጡት የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች «አይ ኤንድ አይ» ሲሉ ብዙዎቻችን ሰዋስው ያላወቁ ይመስለናል። ነገሩ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። «እኔና እኔ» ሲሉ ተናጋሪውንና ሌላውን፣ ፈጣሪንም ጭምር፣ ሳይለያዩ ማመልከታቸው ነው። መረዳት የሚለው «አንደርስታንድ» በውስጡ «ከሥር» የሚል ድምፅ ስላለበት በ«ኦቨርስታንድ» ተክተውታል። ጭቆና የሚለውም «ኦፕሬሽን» ድምፁ ወደ ላይ የሚያወጣ ስለሚመስል «ዳውንፕሬሽን» አድርገውታል፤ ጭቆና ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይጫንምና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ኪንግስተን ሲወርዱ አውሮፕላን ማረፊያውን የሞላው ሕዝብ ይናገረው የነበረ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለውን ተናጋሪ የሚያስተረጉም ሰው እንግሊዝኛውን እያቃና ቢያቀርብ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን እምነቱንም አብሮ ያፈርስበታል።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ታዲያ ለየአገሩ የተለየ እንግሊዝኛ እንጻፍ ነው የምትለን?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ስንጽፍ ምርጫው የእኛ ነው፤ አንዱን መርጠን በእርሱ መጽናት አለብን። ስናዳምጥ ግን ምርጫው የተናጋሪው ነው፤ እኛ የመምረጥ መብት የለንም። ስለዚህ በበኩሌ ለማስተርጎም ስጠራ ከጉዳዩ አስቀድሜ ሰውየው ያደገበትን አገር እጠይቃለሁ። የጠሪው መሥሪያ ቤት አንዳንድ ጊዜ «ይህ ለምን አስፈለገህ?» ብሎ ይቆጣል። የፓስፖርቱ አገርም ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የናይጄሪያ ፓስፖርት ይዞ በሂውስተን ያደገ ሰው አጋጥሞኛልና።

በመጨረሻም ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በሥራ ላይ ያሳሳቱንን ቃላት በካርድ እየጻፍን ብናስቀምጥ፣ በካርዱም ራስ ላይ ከቃሉ አስቀድሞ አገሩ ቢጻፍ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ወጣቶች እኛ በከፈልነው ዋጋ ይጠቀማሉ። እኔ ለመጀመሪያ ያህል ዛሬ ጧት ሠላሳ ሰባት ካርዶች ለጸሐፊያችን አስረክቤአለሁ። የመጀመሪያው «ናይጄሪያ፣ ጋና፦ ሶሪ» የሚል ነው፤ በትርጉሙም ቦታ «እኔን!» ብዬ ጽፌበታለሁ። የደቡብ አፍሪካው «ጀስት ናው» ካርድ ግን የትርጉሙ ቦታ ባዶ ነው። «ቆይቼ» ብዬ ጽፌ ሠረዝኩት፤ «አሁን መጣሁ» ብዬም ጽፌ ሠረዝኩት። ከመካከላችሁ በዚያ አገር የኖረ ካለ ከስብሰባው በኋላ በሻይ ሰዓት ቢፈልገኝ ካርዱን በኪሴ ይዤዋለሁ።